ኤሲው ይሰራል ክፍሉ ግን አይቀዘቅዝም፣ ኮርኒሱም ያንጠባጥባል (አዳማ)

የቦኩ_ልጅ | እሁድ ማታ 3፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ኤሲ የምትሰሩ ወይ ቤታችሁ ዳክት (አየር የሚያከፋፍል ቱቦ) ያለው ሰዎች ካላችሁ እባካችሁ እርዱኝ ጨርቄን ልጥል ነው። ቤታችን አዳማ ነው፣ አጎቴ ከውጭ ሲመለስ የሰራው ቪላ። እንደ ሆቴል በየክፍሉ ኮርኒስ ላይ ግሪል አለው፣ ማሽኑ አንድ ነው ኮሪደሩ ኮርኒስ ውስጥ ተደብቆ ከዛ በቱቦ አየሩን ያከፋፍላል። አጎቴ ተመልሶ ሄደ፣ ቤቱም ማሽኑም ጣጣውም ለኛ ቀረ። የናዝሬትን ሚያዝያ ታውቁታላችሁ፣ እናቴ ደግሞ ግፊት አለባት ሙቀት አትችልም፣ እንግዲህ እምቢ ያለው የሷ ክፍል ነው። ሳሎን ቁጭ ስትል ጋቢ ያስፈልግሃል፣ እሷ ጋ ግን ግሪሉ ስር እጄን ሳደርግ የህጻን ልጅ ትንፋሽ የምታክል ነገር ነው የምትመጣው።

ባለሙያ ጠራን «ጋዝ ጨርሷል» አለ፣ ሞላ ከፈልን። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ያው ነው። ሌላ ጠራን እሱም «ጋዝ ነው» አለ፣ ሞላ ከፈልን። በዚህ መሀል መታጠቢያ ቤቱ አጠገብ ኮርኒሱ ላይ ቡና የተደፋበት የመሰለ ክብ እድፍ ወጣ ከዛ ማንጠባጠብ ጀመረ። ጣሪያ ነው ተባልንና ሁለት ቆርቆሮ አስቀየርን። አንድ ጠብታ ዝናብ ባልጣለበት ሳምንት ነው እንግዲህ፣ አሁን ሳስበው እኔም ያስቀኛል። ማሽኑን እንቀይረው ወይስ ምን ይሻላል?

ሶደሬ_ዋናተኛ | እሁድ ማታ 3፡52

ናዝሬት ተቀምጦ አየር አጠረኝ የሚል ሰው ዛሬ አየሁ ሃሃሃ። ከከተማው ወጣ ስትይ አዳማ አንድ 51 ሜጋ ዋት፣ አዳማ ሁለት 153 ሜጋ ዋት፣ ሁሉም በነፋስ። እናንተ መስኮት ከፍታችሁ በነጻ የምታገኙትን ነፋስ መብራት ኃይል ሸጦላችሁ በቆጣሪ ትገዙታላችሁ። ጣሉትና ፋን ግዙ።

የቦኩ_ልጅ

ና መስኮት ክፈትና ከሰዓት በኋላ ሶፋችን ላይ በጣትህ ስምህን ጻፍ። የአዳማ ነፋስ ብቻውን መጥቶ አያውቅም መሬቱን ይዞ ነው የሚመጣው።

ጣሪያ_ውስጥ_ነኝ | ሰኞ ጠዋት 1፡15

እህቴ ማሽኑን እንዳትነኪው። አዲስ አበባ ሆቴሎች ላይ ዳክት ስዘረጋና ስጠግን ብዙ አመት ሆኖኛል እና ይሄን «ጋዝ ጨርሷል» የሚባል ነገር ስሰማ ደሜ ይፈላል። ጋዙ እኮ ቤንዚን አይደለም አይቃጠልም፣ በተዘጋ የመዳብ ቱቦ ውስጥ እየዞረ ነው የሚኖረው። ቀነሰ ከተባለ የሆነ ቦታ ይፈሳል ማለት ነው፣ ፍሳሹን ሳይፈልግ የሞላ ሰው ነገም ሊሞላልሽ ነው የመጣው። ደግሞ ያንቺ ሲሆን ከዛም ቀላል ነው። ማሽኑ አንድ ከሆነና ሳሎን ጋቢ ካስፈለገው ማሽኑ ጤነኛ ነው በቃ፣ ለሳሎን ጋዝ ኖሮት ለእናትሽ የሚያልቅበት ምክንያት የለም። ቅዝቃዜው ተመርቷል መንገድ ላይ ነው የጠፋው።

ሶስት ነገር መልሽልኝ። ፊልተሩ መቼ ነው የታጠበው? ባለፉት ወራት ማንም ሰው በማንኛውም ምክንያት ኮርኒሱ ውስጥ ገብቷል? ሶስተኛው እና ዋናው፣ በምን ሰዓት ነው የሚያንጠባጥበው?

የቦኩ_ልጅ | ሰኞ ማታ 2፡05

አንደኛ፣ ፊልተር እንዳለው ዛሬ ነው ያወቅኩት። ኮሪደሩ ላይ ያለውን ትልቁን ግሪል ስንከፍተው ፊልተር አልነበረም የወጣው፣ ብርድ ልብስ ነው። አጠብነው፣ ሳሎኑ ጭራሽ በረዶ ሆነ የእናቴ ክፍል ግን ያው።

ሁለተኛ፣ አዎ። ከገና በፊት ዲሽ ሰሪ ገብቶ ኬብል አሳልፏል። ግማሽ ቀን ሙሉ እዛ ላይ ሲርመሰመስ ነበር።

ሶስተኛ ማታ ነው። ቀን ደረቅ ነው። ማታ ሁላችንም ተራ በተራ ገላችንን ታጥበን ስንጨርስ ጠብ ጠብ ይጀምራል፣ እናቴ «ከኛ ጋር አብሮ ይታጠባል» ትላለች።

ጣሪያ_ውስጥ_ነኝ

እናትሽ ጨርሰውታል እኮ፣ እኔ ምን ልጨምር።

ከፍሪጅ የወጣ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጪ ውጪው ያልበዋል አይደል፣ ዳክትም እንደዛው ነው። ውስጡ 14 ዲግሪ አየር ይሄዳል፣ ላሜራው ይቀዘቅዛል፣ እርጥበት ያለው አየር ካገኘው ውሃ ይሆናል። ለዛ ነው ፋይበር ኢንሱሌሽን (ጥጥ የሚመስል ሙቀት መከላከያ) የሚለብሰውና ከላዩ ፎይል የሚደረግለት፣ ፎይሉ እርጥበቱ ወደ ላሜራው እንዳይደርስ ነው። ግን የአዳማ የሚያዝያ አየር ደረቅ ነው በራሱ ያን ያህል አያልብም። ስለዚህ ከሆነ ቦታ እንፋሎት እየደረሰው ነው፣ የሚደርሰውም ስትታጠቡ ነው። መታጠቢያ ቤቱ ላይ አየር ማውጫ ፋን አላችሁ? ካላችሁ ቱቦዋ እውነት ውጪ ነው የምትወጣው ወይስ ኮርኒስ ውስጥ ተገንጥላ ቀርታለች? እኔ በዲሽ ሰሪው እወራረዳለሁ።

ታቦር_ስር | ሰኞ ማታ 2፡30

በመሀል ልግባ፣ እኛ ሀዋሳ ነን ለሐይቁ ቅርብ ነው ቤታችን፣ የኛ ክረምት ላይ ሻወርም ምንም ሳይኖር ያልበዋል። ፎይሉ የተቀደደበት ቦታ ብቻ። ያኛው ሰውዬ ናስትሮ ጠቅልሎልን ሄደ ወር አልቆየም።

ጣሪያ_ውስጥ_ነኝ

ሀዋሳ ክረምት ላይ አዎ ሊያልብ ይችላል አየሩ ራሱ እርጥብ ነው። ናስትሮ ግን ለኤሌክትሪክ ሽቦ ነው የተሰራው እህቴ።

ሚኒያፖሊስ_በረዶ | ሰኞ ማታ 5፡10

ሰላም ከሚኒሶታ። እኔ ጋ ደግሞ ተገላቢጦሹ ነው፣ ዳክቱ ሙቀት ነው የሚያመላልሰው፣ ውጪው ከዜሮ በታች 25 ሲሆን ምድር ቤት ያለው ፈርነስ (ማሞቂያ ምድጃ) አየሩን አሙቆ በዛው በላሜራ ቱቦ ወደየክፍሉ ይነፋል። መጀመሪያ ቤት ስገዛ የልጆቹ ክፍል አልሞቅ አለ፣ ምድር ቤቱ ግን ሶደሬ ነበር። ሁሉም ሙቀት በየመገጣጠሚያው እዛው እየፈሰሰ ነው ለካ። እዚህ ኤነርጂ ስታር የሚባለው የመንግስት ፕሮግራም በተለመደ ቤት በዳክት ከሚያልፈው አየር ከ20 እስከ 30 ፐርሰንቱ በቀዳዳና ባልተገጠመ መገጣጠሚያ ይጠፋል ይላል። እና ይሄ የናዝሬት ወይ የዲሽ ሰሪ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

እኔም የሰራሁት ስህተት አለ፣ ሱቅ ሄጄ «ዳክት ቴፕ» የሚል ግራጫ ባለ ጨርቅ ቴፕ ገዝቼ ሁሉንም ጠቀለልኩት። ስሙ ዳክት ነው፣ ምን ላስብ? በሚቀጥለው ክረምት ሁሉም ተላጦ ተንጠልጥሎ አገኘሁት። በኋላ ሳነብ በፈረንጅ 1998 ካሊፎርኒያ ያለው የሎረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪ ሰዎች የተለያዩ ማሸጊያዎችን በሙቅና በቀዝቃዛ አየር ፈትነው፣ ክፉኛ የወደቀው ያ ቴፕ ነው። ለሁሉ ነገር ይሆናል ለዳክት ብቻ አይሆንም። ዩኤል 181 (ለዳክት የተፈተነ ማለት ነው) የሚል የተጻፈበት የአሉሚኒየም ፎይል ቴፕ ወይ ማስቲክ የሚባለው የሚቀባ ማሸጊያ ነው የሚፈለገው።

አናጢው_ጋሼ | ማክሰኞ ጠዋት 12፡50

ልጄ፣ እኔ ኤሲ አላውቅም ኮርኒስ ግን 30 አመት ሰርቻለሁ። እዛ ላይ ልትወጡ ከሆነ ችፑዱን ወይም ጂፕሰሙን እንዳትረግጡ፣ እግር ሞራሌው ላይ ብቻ ነው የሚያርፈው፣ ሁለት ሞራሌ ላይ ወፍራም ጣውላ አጋድማችሁ ከሱ ሳትወርዱ ስሩ። ሰዓቱም ጠዋት 12 ሰዓት ነው፣ ከ4 ሰዓት በኋላ የአዳማ ቆርቆሮ ስር መግባት ራስን መጥበስ ነው። ሰው ተዝለፍልፎ ሲወድቅ አይቻለሁ።

የቦኩ_ልጅ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። የአክስቴ ልጅ ነው የሚወጣው፣ ላሜራ የሚሰራ አንድ የሰፈር ልጅም አብሮት አለ። ያለርስዎ ምክር በቀጥታ ችፑዱ ላይ ነበር የሚሄዱት። ኬት እንደሚጀምሩ ግን ማናችንም አናውቅም።

ጣሪያ_ውስጥ_ነኝ | ማክሰኞ ጠዋት 2፡20

በሰንደል ይጀምሩ። የማይሸጥበት ሱቅ የለም። የኤሲውን ፋን ብቻ አስነሱት፣ አንድ ሰው ሰንደል አቀጣጥሎ በየመገጣጠሚያው ቀስ እያለ ያስጠጋ። ጭሱ ከተበተነ አየር እየወጣ ነው፣ ወደ ውስጥ ከተሳበ ደግሞ ያ የሪተርኑ መስመር ነው፣ ማለትም ከቤቱ አየር የሚመልሰው ቱቦ ከኮርኒስ ውስጥ አቧራና ትኩስ አየር እየጠጣ ነው። ያገኛችሁትን ቦታ ሁሉ በጠመኔ ወይ በማርከር ምልክት አድርጉ። ፋይበሩ አጠገብ እሳቱ እንዳይነካ ብቻ ተጠንቀቁ። ምልክቱ ካለቀ በኋላ ብሬከሩን አውርዱና ስራ ጀምሩ። ጭምብል፣ መነጽር፣ ጓንት፣ ረጅም እጅጌ፣ ያ ፋይበር ቆዳ ላይ ሲገባ ሶስት ቀን ያሳክካል።

አሁን ጥገናው። የእናትሽ ክፍል ጋ የሚሄደው ፍሌክሲብሉ ቱቦ ከሆነ (እንደ አኮርዲዮን የሚሳሳበው) ሶስት ልብስ አለው፣ ውስጥ ሽቦ ያለው ላስቲክ፣ መሀል ፋይበር፣ ላይ ፎይል። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ፎይሉን ላሜራው ላይ አስሮ ጨረስኩ ሲል ነው፣ ያን ጊዜ አየሩ በፋይበሩ መሀል ይሾልካል። መጀመሪያ የውስጡ ነው ላሜራው አንገት ላይ ቢያንስ 5 ሳንቲ የሚገባው፣ አንገቱ ላይ ማስቲክ ተቀብቶ፣ በፋሸታ ወይ በወፍራም የፕላስቲክ ማሰሪያ ጥብቅ ተደርጎ። ከዛ ፋይበሩ ተስቦ ይሸፍነዋል፣ መጨረሻ ላይ ፎይሉ በፎይል ቴፕ ይታሸጋል። እንጂ በአንድ ናስትሮ ሶስቱንም ጠቅልሎ መሄድ የለም።

ሌላው ቱቦው መወጠር አለበት። ትርፉ ካለ ቆርጣችሁ ጣሉት፣ «ለመጠባበቂያ» ብሎ ተጠቅልሎ የተኛ ፍሌክሲብል አየሩን አንቆ ይይዘዋል። በየ1 ሜትር ተኩል ይሰቀል፣ በመሀል ሲረግብ በሜትር ከ4 ሳንቲ በላይ እንዳይወርድ። መስቀያው ደግሞ ሽቦ አይሁን! ቢያንስ 4 ሳንቲ ስፋት ያለው ጠፍር ይሁን፣ ቀጭን ሽቦ ወገቡን ያሰረው ቱቦ አንገቱን እንደታነቀ ሰው ነው።

ላሜራው ላይ ቀዳዳ ካለ፣ በየጎኑ ከቀዳዳው 4፣ 5 ሳንቲ የሚሰፋ ጋልቫናይዝድ ላሜራ ቁረጡ፣ ዙሪያውን ማስቲክ፣ ከዛ በብሎን ወይ በሪቬት፣ ከላይ ድጋሚ ማስቲክ። ማስቲኩ የሳንቲም ውፍረት ያህል ይሁን፣ 2 ሚሊ ገደማ። ከ6 ሚሊ የሚሰፋ ክፍተት ብቻውን አይችልም፣ ባለ መረብ ፋይበር ቴፕ ከስር ይደረግለት። ሳይደርቅ ማሽኑን አታስነሱ፣ አንድ ቀን ሙሉ ይተው።

ፖስታቤት_04

ማስቲክ ናዝሬት ውስጥ ከየት ይገኛል? እኔ ሶስት ሱቅ ዞሬ አንዱ ሲልከን ሰጠኝ ሁለተኛው የጎማ ማጣበቂያ። ሶስተኛው «ማስቲካ ነው?» አለኝ።

ጣሪያ_ውስጥ_ነኝ

ሃሃሃ። መርካቶ ኤሲ ዕቃ የሚሸጡ ጋ «የዳክት ማስቲክ» ብለህ ጠይቅ፣ ባልዲ ውስጥ ያለ ወፍራም ግራጫ ቀለም ነው የሚመስለው። ካጣህ ጥሩውን የፎይል ቴፕ ተጠቀም፣ ግን ላሜራውን በጨርቅና በአልኮል ጥረገው መጀመሪያ። ፎይል ቴፕ የሚከዳህ አቧራ ላይ ስትለጥፈው ነው፣ እና ናዝሬት ውስጥ አቧራ የሌለበት ላሜራ የለም። ለጥፈህ ደግሞ በጠንካራ ነገር እሸው እስኪያብረቀርቅ። ሲልከን ለጠባብ ክፍተት ያስኬድሃል፣ ግን በኋላ ሃሳብህን ብትቀይር ቴፕ እላዩ ላይ አይዝም።

ቲጂ_የቡና_ሰው | ማክሰኞ ማታ 1፡45

ይቅርታ ጥያቄዬ ትንሽ ከርዕሱ ወጣ ይላል፣ እኛ ቤትም እንደዚሁ ዳክት አለ፣ በረንዳ ላይ ከሰል አቀጣጥለን ቡና ስናፈላ በሩ ተዘግቶም ጭሱ ሳሎን ይገባል። ኤሲው ሲጠፋ አይገባም። የኔ ምናብ ነው?

ጣሪያ_ውስጥ_ነኝ

ምናብሽ አይደለም፣ ደግሞ ከርዕሱም አልወጣሽም። ማሽኑ ከሳሎን አየር ይስባል፣ ቀዝቅዞ ወደ ክፍሎቹ መመለስ አለበት፣ ግን ግማሹ ኮርኒስ ውስጥ ከፈሰሰ ቤቱ አየር ይጎድለዋል። የጎደለውን በበር ስር፣ በመስኮት ክፍተት ከውጪ ይጎትታል። ያን ጊዜ በረንዳው ላይ ከሰል ካለ የከሰሉን ነው የሚጎትተው።

ሚኒያፖሊስ_በረዶ

ይሄን አቅልላችሁ አትለፉት። እኛ ጋ በዚሁ ምክንያት የፈርነሱ ጭስ ወደ ቤት ተመልሶ ሰው ይሞታል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ የከሰል ጭስ የሚሸተው ሌላው ነገር ነው፣ ገዳዩ አይሸትም። የኛ ሰፈር ሐበሾች በየቤታቸው የሚጮኸውን መሳሪያ ሰቅለዋል። እህቴ እስኪጠገን ድረስ ቡና ሲፈላ ኤሲውን አጥፊው፣ ከሰሉም ከበሩ ይራቅ።

ቲጂ_የቡና_ሰው

እሺ። ራስ ምታቴን የቡና ሱስ ነው እያልኩ ነበር። አመሰግናለሁ ከልቤ።

ሶደሬ_ዋናተኛ

እኔ ቀልዴን ወስጃለሁ። ግን በነገራችን ላይ ለምን ስፕሊት አይገዙም? ግድግዳ ላይ አንድ ተሰቅሎ ያልቃል፣ ዳክት የለ አይጥ የለ።

ጣሪያ_ውስጥ_ነኝ

ለአዲስ ቤት ብትጠይቀኝ አዎ እኔም ስፕሊት ነው የምልህ፣ ዳክት ዘርግቼ የምበላ ሰው ሆኜ። ትኩስ ቆርቆሮ ስር ቀዝቃዛ ቱቦ ማሳለፍ ከመጀመሪያውም ብዙ ብልህ ሃሳብ አይደለም። ያለውን አፍርሶ አራት ስፕሊት መግዛት ግን በአንድ ፋሸታ ለሚስተካከል ነገር ብር መጣል ነው።

የቦኩ_ልጅ | ቅዳሜ ከሰዓት 8፡30

መጣሁ! ሐሙስ ጠዋት 12 ሰዓት ተገብቶ 4 ሰዓት ሳይሞላ ተወጣ፣ እኔም መሰላሉ ላይ ሆኜ አንገቴን አስገብቼ ሁሉንም አይቻለሁ። ዝርዝሩን ስሙኝ።

የእናቴ ክፍል ቱቦ ከአንገቱ ሙሉ በሙሉ ወልቆ ኮርኒሱ ላይ ተኝቷል። ሙሉ በሙሉ! ከገና ጀምሮ ቆርቆሮ ስናቀዘቅዝ ነበር። ልክ በሱ ላይ የዲሹ ኬብል ተጎትቶ አልፏል፣ የጫማ ዳናም አለ አቧራው ላይ። ግሪሉ ጋ ትመጣ የነበረችው ትንፋሽ ከየት እንደነበረች እግዜር ይወቅ። የመታጠቢያ ቤቷ ፋን ቱቦም እንደተባለው ተገንጥላ አፏን ወደ ትልቁ ላሜራ አዙራ ነው የተገኘችው፣ ያ ቦታ ደግሞ ፎይሉ ተቀዶ ላሜራው ራቁቱን ነው፣ ዝገትም ጀምሮታል። የድሮው ግራጫ ቴፕ ሲነካ እንደ ድርቆሽ ተፈረካከሰ። አንድ ጥግ ላይ የአይጥ ጎጆ ተገኘ፣ ከፍሌክሲብሉ ፋይበርና ከአጎቴ ካልሲ የተሰራ፣ ካልሲው ስንት አመት ሲፈለግ የነበረ ነው።

አይጥ የበላውን ሁለት ሜትር ቱቦ ቆርጠን ጥለን በአዲስ ቀየርነው። የፋኗን ቱቦ በግድግዳ አሳልፈን ውጪ አወጣናት። ቱቦውን በተባለው መንገድ፣ መጀመሪያ የውስጡን፣ ከዛ ፋይበር፣ ከዛ ፎይል። ላሜራ ሰሪው ልጅ ሪቬቱን ሲመታ እናቴ ከስር «ቀስ በሉ ቤቱን አታፍርሱብኝ» እያለች ነበር። በሰንደሉ ሌላ አምስት መገጣጠሚያ አገኘን ማስቲክ ተቀባ (ከአዲስ አበባ በሚመጣ ዘመድ አስላክን)። አንድ ቀን ሙሉ ጠብቀን አስነሳነው። በክፍል ቴርሞሜትር ለካሁ፣ ማሽኑ አፍ ላይ 14፣ እናቴ ግሪል ላይ 16። ድሮ 24 ነበር። ትናንት ማታ ሁላችንም ታጠብን፣ ወንበር ይዤ ከእድፉ ስር ተቀመጥኩ፣ ጠብ ያለ ነገር የለም።

አናጢው_ጋሼ

እሰይ ልጄ። እናትሽን ሰላም በይልኝ።

ሚኒያፖሊስ_በረዶ

16 ዲግሪ! እኔ አሁን ለዛ ቁጥር ምን እሰጥ ነበር፣ ውጪ አሁንም በረዶ አለ።

ታቦር_ስር

ወይኔ እኔም ሰንደል ልገዛ ነው። የኛን ግን ክረምት ሳይገባ ነው መስራት ያለብን ወይስ ሲያልብ ማየት ይሻላል?

ጣሪያ_ውስጥ_ነኝ

ሳይገባ። እርጥብ ላሜራ ላይ ቴፕም ማስቲክም አይዝልሽም።

የቦኩ ልጅ ጎበዝ፣ ከብዙ ባለሙያ የተሻለ ሰርታችኋል። አንድ ጥያቄ ብቻ፣ እዛ የሚያንጠባጥብበት ቦታ ላይ ረጥቦ የነበረውን ፋይበር ምን አደረጋችሁት?

የቦኩ_ልጅ

እሱን... ደርቋል ብለን በላዩ ላይ ፎይል ለጠፍንበት። ትንሽ ጠቆር ብሎ ነበር።

ጣሪያ_ውስጥ_ነኝ

ቅደዱት። የጠቆረው ሻጋታ ነው፣ ፎይል ስር ታፍኖ ይራባል፣ አንዴ ረጥቦ የተጨመደደ ፋይበር ደግሞ ቅዝቃዜ አይከላከልም ክረምት ሲመጣ እዛው ቦታ ላይ ያልብሻል። አውጡት፣ ላሜራውን ጥረጉ፣ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት አሹና ጸረ ዝገት ቅቡት፣ ሲደርቅ አዲስ ፋይበር። አንድ ሜትር ይበቃችኋል።

የቦኩ_ልጅ

እሺ። የአክስቴ ልጅ ይሄን ሲሰማ ስልኩን ያጠፋል ግን እሺ፣ ነገ 12 ሰዓት።